ፀሐይ የበላውን የማሽን ቀለም መመለስ

ጣትህን ኮፈኑ ላይ አሻሸውና እየው። ቢጫ ዱቄት ከያዘ ደስ ይበልህ። ጠመኔ የነካ አስተማሪ መስለህ ከተመለስክ ቀለሙ ገና አላለቀም ማለት ነው። የሞተው የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፣ ደህናው ከሥሩ አለ።

እኔ የምሠራው ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ሎደር አለ፣ እስካቫተር አለ፣ ሥራ የሚጠብቅ ግሬደር አለ፣ ገዢ የሚጠብቅም አለ። ባለፈው አንድ ባለንብረት ሦስት ዓመት ሜዳ ላይ የቆመ ሎደር ይዘው መጡ። ቢጫው ወደ ሊጥ ቀለም ተቀይሯል። «ልጄ፣ ደላላው የተቃጠለ ዘይት ቀባውና ይሸጣል ብሎኛል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሦስት ቀን ይስጡኝ፣ ዘይቱን ለሌላ ነገር ያቆዩት» አልኳቸው። የምጽፈው ያን ሎደር እያሰብኩ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደተበላሸ እንወቅ። ቀለም ውስጥ ሁለት ነገር አለ በለው። አንዱ መልኩን የሚሰጠው ዱቄት ነው፣ ሌላው ዱቄቱን አጣብቆ የሚይዘው ሙጫ መሳይ ነገር ነው። ፀሐይ የምትበላው ሙጫውን ነው። ሙጫው ሲያልቅ ዱቄቱ ብቻውን ይቀራል፣ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ መስታወት መመለሱን ትቶ ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል፣ ያኔ ነው የነጣ የሚመስለው። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን። ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልክ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። የአዲስ አበባ ዳርቻ አብዛኛው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የዋህ ይመስላል እንጂ የዋህ አይደለም። ክረምቱ ሲጨመርበት፣ የገረጋንቲ አቧራ ሲጨመርበት፣ በቃ።

ሥራው ሌላ ምስጢር የለውም። ተረከዝ በድንጋይ እንደሚፈገፈገው የሞተውን ቆዳ ታነሳለህ፣ ከዚያ የቀረውን እንዳይሞት ትሸፍነዋለህ።

አሁን ስለ ዘይቱ። የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍጣ የተወለወለ ማሽን በእርግጥ ያበራል፣ እስከ ማግስቱ። ከዚያ አቧራው ሁሉ ይለጠፍበታል፣ በሳምንቱ ከበፊቱ የባሰ ጭቃ ለብሶ ታገኘዋለህ። ዘይት የማይችል ጎማ፣ እንደ በር ጎማ ያለው፣ ዘይት ጠጥቶ ያብጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ደረጃው ነው። ኦፕሬተሩ ጠዋት እግሩን አሳርፎ ሲወጣ ተንሸራቶ ከወደቀ ምን ልትለው ነው? በነገራችን ላይ ይህ ለጥሩው ሰምም ይሠራል። ደረጃ፣ መያዣ ብረት፣ የካቢን ወለልና ፔዳል ላይ የሚያዳልጥ ነገር አይቀባም።

ሁሉንም ቀብተን እንገላገል የሚልም አለ። ቀለሙ ካለቀ እሺ። ካላለቀ ግን አልመክርም፣ ምክንያቴም ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ማሽን መግዛት የሚያውቅ ሰው ትኩስ ቀለም ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ተሸፈነ?» ብሎ ነው። ቡሙ (ባልዲውን የሚሸከመው ክንድ) ላይ የተበየደ ስንጥቅ አለ? ስቱኮ ተሞልቷል? ተለጣፊዎቹ፣ የሴሪ ቁጥሩ ሰሌዳ፣ የግሪስ ጡቶቹ ሳይቀሩ በቢጫ ተሸፍነው ካየ ዋጋውን እዚያው ይቆርጣል፣ ወይ ትቶህ ይሄዳል። ያረጀ ግን ንጹሕ፣ የፋብሪካ ቀለሙ የሚያበራ ማሽን የሚደብቀው ነገር የለውም። ደግሞም ቢጫ ሁሉ አንድ አይደለም። ካተርፒላር ራሱ እስከ 1931 ድረስ ማሽኖቹን ግራጫ ነበር የሚቀባው፣ ከዚያ ቢጫ አደረገ፣ በ1979 ደግሞ ቢጫውን መልሶ ቀየረው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ኮማትሱ የራሱ ቢጫ አለው። «ቢጫ ስጠኝ» ብለህ ያመጣኸው ቀለም ከጎኑ ካለው ጋር ሲጣላ ከሩቅ ይታያል።

ማሽንህ የትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ኩባያ ውሃ ይበቃል። የነጣው ቦታ ላይ አፍስስ። ውሃው ሲያርፍበት የድሮው መልክ ብቅ ካለ በፖሊሽ ይመለሳል። ውሃው ውስጥ የምታየው መልክ መጨረሻ ላይ የምታገኘው ነው ማለት ይቻላል። ርሶም ዥንጉርጉር ከሆነ፣ ግራጫ ወይም ቀይ አንቲረስት (ከቀለሙ ሥር የሚቀባው የዝገት መከላከያ) ከታየ፣ እዚያ ቦታ ቀለሙ አልቋል። እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ወይም በጥፍር ሲነካ የሚላጥ ከሆነም ፖሊሽ አያድነውም። የሎደሩ ኮፈን አናቱ ላይ ዥንጉርጉር ነበር፣ ጎኖቹ ግን ውሃ ሲነካቸው እንደ እንቁላል አስኳል ሆኑ። ባለቤቱ መነጽራቸውን አውጥተው ነው ያዩት።

ሌላም ማየት ያለብህ አለ። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገህ አሽ። ጨርቁ ቢጫ ከሆነ ቀለሙ ላይ ግልጽ ሽፋን የለም፣ ቀጥታ ቀለሙን ነው የምትሠራው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረ ላዩ ላይ ግልጽ ሽፋን ሊኖር ይችላል፣ እሱ ከተላጠ ደግሞ መልሶ ማምጣት የለም። ኮፈኑን ደግሞ አንኳኳው። አንዳንዱ ብረት ሳይሆን ፋይበር ነው። ፋይበር ሙቀቱን አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ስፖንጁ አንድ ቦታ ትንሽ ከቆየ ቶሎ ይቃጠላል።

ወደ እጥበቱ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፣ ለፖሊሹ ቸኩሎ። የማሽኑ ባልዲ መሬት ላይ ይረፍ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉ ኪስህ ይግባ፣ የባትሪው ገመድ ይነቀል። ጭቃውን በደረቁ አትፈግፍግ። መረሬ ከደረቀ ሲሚንቶ ነው። በካቻቢቴ ስትነቅለው ቀለሙን ይዞ ነው የሚነሳው። አሮጌ ጆንያ ውሃ ውስጥ ዘፍቀህ ጭቃው ላይ አልብሰው፣ ቁርስህን ብላ፣ አንድ ሰዓት ቆይተህ ስትመለስ በእንጨት ገፋ ስታደርገው ይወርዳል። ውሃ በጀሪካን ለሚገዛ ሰው ይህ ግማሽ ውሃ ያድናል።

ግሪስ ያለበትን ቦታ፣ ፒኖቹ (የመገጣጠሚያ ዘንጎቹ) ዙሪያና የበር ማጠፊያው ጋ፣ በላምባና በብሩሽ አለስልሰው፣ በጨርቅ ጥረገው፣ ከዚያ በሳሙና እጠበው። ላምባው ቀለሙ ላይ እንዲደርቅ አትተወው። ኦሞ ከሆነ የምትጠቀመው በደንብ ይሟሟ፣ ያልሟሟው ፍሬ ይጭራል። ዘይት ያለበትን ጨርቅና እጣቢ ወደ ቦዩ አትልቀቀው። የእኛ ሰፈር ቦይ መጨረሻው አቃቂ ወንዝ ነው፣ ከዚያ በታች ጎመን የሚያጠጡበት ገበሬዎች አሉ።

የግፊት ማጠቢያ ካለህ ጥሩ፣ ግን በልክ። ጫፉ ከቀለሙ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ። ወደ ኤሌክትሪክ ሶኬት፣ ወደ ራዲያተር፣ ወደ አየር ማጣሪያ መግቢያ፣ ወደ ተለጣፊ ጠርዝ አታነጣጥር። በራሴ ደርሶብኛል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ እስካቫተር አንቆጥቁጬ አጠብኩና ሲነሳ እምቢ አለ። አንዲት ሶኬት ውስጥ ውሃ ገብቶ ሁለት ቀን ሙሉ ስንፈልግ ዋልን፣ የኤሌክትሪሺያኑን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከታጠበ በኋላ ፒኖቹን ግሪስ ማጠጣትም አትርሳ፣ አዲሱ ግሪስ የገባውን ውሃ ገፍቶ ያስወጣዋል።

ሲሚንቶ የተረጨበት ካለ ኮምጣጤን ከውሃ ጋር እኩል ቀላቅለህ በጨርቅ ሸፍነው፣ ሩብ ሰዓት ቆይ፣ በእንጨት ፈቀቅ አድርገው። አንዴ ካልሆነ ድገመው። ሲጨርስ በብዙ ውሃ አለቅልቀው። ኮምጣጤው ግን አሉሚኒየምና የሚያብረቀርቀው የሃይድሮሊክ ዘንግ አጠገብ አይድረስ። ሬንጅ ከሆነ ላምባ ነው መድኃኒቱ።

ከዚያ ሽፋን። መስታወቱን፣ የበር ጎማውን፣ የማስጠንቀቂያ ተለጣፊዎቹን፣ የሴሪ ሰሌዳውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። የሃይድሮሊኩን ዘንግ በላስቲክ ጠቅልለው። ኮምፓውንድ (ሻከር ያለው ፖሊሽ) ማለት አሸዋ ነው፣ ደቃቅ ይሁን እንጂ አሸዋ ነው። ዘንጉ ላይ ከቀረና ሲሊንደሩ ሲገባ ሲወጣ ይዞት ከገባ ዘይቱን አፍኖ የሚይዘውን ጎማ (ሲል) ይበላል፣ ከዚያ ዘይት ማፍሰስ ይጀምርልሃል። ለማሳመር ብለህ ሲሊንደር አታስፈታ።

አሁን ዋናው ሥራ። ሰዓቱ ጠዋት ከ1 እስከ 4 ነው። ከዚያ በኋላ ብረቱ ይግላል፣ ነፋሱም ከቱሉ ዲምቱ ቀይ አፈር ይዞ ይመጣል። እጅህን ኮፈኑ ላይ አሳርፈህ ማቆየት ካልቻልክ ለፖሊሽ ግሏል፣ ጥላ ፈልግ።

ሙሉውን ማሽን አትጀምር። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ፣ 40 በ40 ሳንቲሜትር፣ በፕላስተር ከልል። በጣም ቀላሉን ነገር አስቀድም፤ ደቃቅ ፖሊሽ በእጅ። ጨርቁ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። አትደንግጥ፣ የሞተው ቆዳ ነው እየወጣ ያለው። ሁለት ሦስት ጊዜ አድርገህ ጥረገው። መልኩ ከመጣ ሌላ ምንም አያስፈልግህም፣ ማሽኑን በሙሉ በዚያው ሥራው። ካልመጣ ሻከር ወዳለው ኮምፓውንድ እለፍ። እሱም እምቢ ካለ ብቻ ነው ብርጭቆ ወረቀት የምታነሳው፣ 2000 ቁጥር፣ የሳሙና ውሃ እየረጨህ፣ በቀስታ። 1500 የመጨረሻው ነው። ከዚያ በታች ከወረድክ ቀለሙን እየላጥክ ነው።

በደረቁ ግን በጭራሽ አትፈግፍግ። በድሮ ጊዜ ቢጫና ብርቱካናማ የማሽን ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት በብዛት ነበር። ያረጀ ማሽን ላይ አቧራው ሳንባህ ውስጥ መግባት የለበትም። በውሃ ሥራ፣ ጭንብል አድርግ፣ እጅህን ሳትታጠብ ምሳ አትንካ፣ የሥራ ልብስህን ከልጆች ልብስ ጋር አትጠበው።

ሎደሩ ላይ ብርጭቆ ወረቀት አላስፈለገኝም። ሻካራው ኮምፓውንድ በቃው። የመጀመሪያዋን ካሬ ስጨርስ ፕላስተሩን ላጥኩት። በዙሪያው የነጣ ሊጥ፣ መሃሉ ላይ የመስከረም አደይ። ባለቤቱን ስልክ ደውዬ ጠራኋቸው፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ነገር በቃል ብነግራቸው አያምኑኝም ነበር።

በእጅ ሙሉ ኮፈን መሥራት ትከሻ ይጨርሳል፣ ስለዚህ የፖሊሽ ማሽን ተከራይ። ፖሊሽ ማሽን ግን ግራይንደር አይደለም! አንግል ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይዞራል። ስፖንጅ ገጥሜበት አውቃለሁ፣ ወጣት ነበርኩ፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ የአንድ ኮፈን ጠርዝ እስከ ብረቱ ድረስ ተላጠ። ፍጥነቱ የሚስተካከል ፖሊሽ ማሽን ይሁን። መጀመሪያ በዝቅተኛው ፍጥነት ኮምፓውንዱን አዳርሰው፣ እንዳይረጭ። ከዚያ ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር አድርገህ ቀስ ብለህ ሂድ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ከዚያ ላይና ታች። ስፖንጁ ተኝቶ ይሂድ እንጂ በጠርዙ አይቁም። አንድ ቦታ ላይ አትቁም። የብረት ጠርዝና መታጠፊያ ላይ ቀለም ሁልጊዜ ስስ ነው፣ እዚያ ማሽኑን ራቅ አድርገህ በእጅ ጨርስ። ስፖንጁ በሞተ ቀለም ሲሞላ ማሽኑ መቁረጡን ትቶ ያጨማልቃል፣ በየፓኔሉ አጽዳው፣ ቢቻል ሦስት አራት ስፖንጅ ይኑርህ። መብራት ከሄደና በጄኔሬተር የምትሠራ ከሆነ ገመዱ ያጠብክበት ኩሬ ውስጥ አይተኛ።

አንድ የግል አስተያየት። ቡምና ባልዲ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ቡሙ ብየዳና መታጠፊያ ነው፣ ባልዲው ደግሞ ነገ ድንጋይ ውስጥ ይገባል። አጥባቸዋለሁ፣ ቡሙን በእጅ አንዴ አልፈዋለሁ፣ አለቀ። የሰው ዓይን የሚያርፈው ኮፈኑ፣ ካቢኑ፣ በሮቹና ከኋላ ያለው ሚዛን መጠበቂያ ከባድ ብረት (ካውንተር ዌይት) ላይ ነው። ጉልበትህን እዚያ አውለው።

የተላጡና የዛጉ ነጥቦች ይቀራሉ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንሳ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ እሱንም እያራስክ፣ ሲደርቅ አንቲረስት ቀባ፣ ከዚያ ሁለት ስስ ዙር ቀለም በትንሽ ብሩሽ። ስንጥቅ ካገኘህ ግን ቀለም አታልብሰው፣ በያጅ ጥራ። ቀለሙን ለማስቀመም ስትሄድ ደግሞ ይህቺን አትርሳ፦ በቀላሉ የሚፈታ ቁራጭ፣ የባትሪ ሳጥን ክዳን ለምሳሌ፣ መጀመሪያ በፖሊሽ አብራው፣ ከዚያ ይዘኸው ሂድ። የነጣውን ይዘህ ከሄድክ ቀማሚው የነጣውን መልክ ይቀምምልሃል፣ አንተ ቤት ስትደርስ ማሽኑ በርቷል፣ ቀለምህ ሊጥ ነው። ይህን የተማርኩት ሁለት ሊትር ቀለም ከጣልኩ በኋላ ነው።

መጨረሻ ላይ ሽፋኑ። ያልተሸፈነ ፖሊሽ ብዙ አይቆይም፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ዱቄትነቱ ይመለሳል። የመኪና ሰም ይበቃል፣ ፈሳሽ መከላከያ ካገኘህ ደግሞ ረዘም ይላል። በጣም በስሱ ቀባው። ወፍራም ሰም አቧራ ይሰበስባል እንጂ የበለጠ አይከላከልም። ጭጋግ መስሎ ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ አንሳው። ውሃ ስትረጭበት እንደ ዶቃ ካልተንከባለለ ጊዜው አልፏል። እኔ በዓመት ሁለቴ እላለሁ፣ አንዴ ግንቦት መጨረሻ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንዴ መስከረም ውስጥ።

የተልባ ዘይት የሚቀቡ የድሮ ሰዎች አሉ። ያበራል፣ አልዋሽም፣ ግን እስኪደርቅ ይጣበቃል፣ እያደር ይጠቁራል። የተነከረበት ጨርቅ ደግሞ ተጨባብጦ ከተጣለ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። ከተጠቀምክ ጨርቁን ዘርግተህ ውጭ አድርቀው። በማጠንከሪያ የሚቀላቀለውን ግልጽ ቫርኒሽ ግቢ ውስጥ በስፕሬይ ልርጨው የሚል ሰውም አይቻለሁ። ተው። ጭሱ ለሳንባ ክፉ ነው፣ የጨርቅ ጭንብል አይመልሰውም፣ ዱቄቱ ሳይነሳ ከተረጨበትም በዓመቱ እንደ እባብ ቆዳ ይላጣል። ለቀለም ቤት የሚተው ሥራ ነው።

ማሽኑ የሚቆም ከሆነ ሸራ አልብሰው፣ ግን በደንብ እሰረው። ነፋስ የሚያራግበው ሸራ ከሥሩ አቧራ ይዞ ቀን ከሌት ይፈገፍገዋል፣ ከብርጭቆ ወረቀት አይለይም። አየር የሚገባበት ክፍተትም ተውለት። አቧራ ስታይ ደግሞ በደረቅ ጨርቅ አትጥረግ፣ ውሃ አፍስስበት።

ሎደሩ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አለቀ። የኮፈኑ አናት ላይ ያለቀው ቦታ አንቲረስትና ቀለም ለብሷል፣ ቀረብ ብሎ ላየው ይታወቃል፣ ለባለቤቱም አልደበቅኩም። ስፖንጆቹን በሳሙና ውሃ ዘፍዝፌ ስመለስ የግቢው ዘበኛ አባባ የካቢኑ በር ፊት ቆመው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ነበር።